የደንበኛን አስተያየት የሚመዝነው ሚዛን እንዴት ይሠራል?

እህል በኩንታል፣ ጨርቅ በሜትር፣ ቡና በፈረሱላ የሚሸጥና የሚገዛ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ሚዛኑን ነው። ሚዛኑ ያጋደለ እንደሆነ ክብደቱ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢነበብ ሒሳቡ የተሳሳተ ይሆናል። ዛሬ ደግሞ የሸቀጥና የባለ ሱቅ ስም የሚመዘንበት ሌላ ሚዛን በገበያ ላይ ይገኛል። ይኸውም ገዢዎች በእጅ ስልካቸውና በኮምፒዩተራቸው ላይ ባለው ሶፍትዌር አማካይነት የሚሰጡት የኮከብ፣ የነጥብ ወይም የአውራ ጣት ምልክት ነው። በውጭ አገር ያለ ገዢ ዕቃ ከማዘዙ በፊት፣ መንገደኛም ሆቴል ከመያዙ በፊት ይህንኑ ቁጥር ያያል። ቁጥሩን የሚያየው ብዙ ሲሆን፣ ቁጥሩ የወጣበትን ሚዛን አሠራር የሚመረምር ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ለመረዳት አንድ ጥናት መጥቀስ ይበቃል። በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩት ማይክል ሉካ በ2011 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የሚገኙትን ምግብ ቤቶች ገቢ የልፕ በተባለው የአስተያየት መስጫ ላይ ካገኙት ኮከብ ጋር አመሳከሩ። ከዚህም የአንድ ኮከብ ጭማሪ ከመቶ 5 እስከ 9 የሚደርስ የገቢ ጭማሪ የሚያስከትል ሆኖ አገኙት። ይህ ውጤት የታየው በግል ባለቤቶቻቸው በሚተዳደሩት ምግብ ቤቶች ላይ ነው። በየከተማው ቅርንጫፍ ባላቸውና ስማቸው አስቀድሞ በታወቀው ትላልቅ ኩባንያዎች ላይ ግን አልታየም። እንግዲህ ሚዛኑ አብልጦ የሚጠቅመውም ሆነ የሚጎዳው ገና ስሙን በመትከል ላይ ያለውን ነጋዴ ነው ማለት ነው።

የሰውን አስተያየት በደረጃ የመለካት ዘዴ ሶፍትዌር ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነው። ሬንሲስ ሊከርት የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1932 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለተጠያቂው አንድ ዐረፍተ ነገር ቀርቦለት «በጣም እደግፋለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም እቃወማለሁ» ድረስ ካሉት አምስት መልሶች አንዱን የሚመርጥበትን ዘዴ አስተዋወቁ። ከርሳቸውም በኋላ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ለወታደሮቹ የሚስማማውን ምግብ ለመምረጥ ሲል፣ በቺካጎ በነበረው የምግብ ምርመራ ተቋሙ ዘጠኝ ደረጃ ያለው መለኪያ አሠርቶ ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ «እጅግ እጠላዋለሁ»፣ የመጨረሻው «እጅግ እወደዋለሁ» የሚል ነው። ይህ መለኪያ እስከ ዛሬ ድረስ የምግብና የመጠጥ ጠባይ በሚመረመርበት ስፍራ ሁሉ ይሠራበታል።

በሁለቱም መለኪያዎች ልብ ሊባል የሚገባው እያንዳንዱ ደረጃ በቃል የተጻፈ መሆኑ ነው። ተጠያቂው የሚመርጠው ቁጥርን ሳይሆን ትርጉሙን የሚያውቀውን ቃል ነበር። የሶፍትዌር ሠሪዎች ግን ከነዚህ ሊቃውንት ደረጃውን ወርሰው ቃሉን ተዉት። አምስት ኮከቦች በተርታ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ሦስተኛው ኮከብ «ደኅና ነው» ማለት ይሁን ወይስ «አላረካኝም» ማለት ይሁን የሚናገር ጽሑፍ በአብዛኛው የለም። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ልማድ ይተረጕመዋል። ከ100 ነጥብ 60 ያገኘ ተማሪ አለፈ ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው፣ ከ5 ኮከብ 3 ሲሰጥ ማለፊያ የሰጠ ይመስለዋል። ለባለ ሱቁ ግን ያ ማለፊያ መውደቂያው ነው።

ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው የታክሲ አገልግሎት ነው። በአሜሪካ ጋዜጦች በሰፊው እንደተዘገበው፣ ኡበር የተባለው ኩባንያ በ2015 ገደማ በዚያ አገር አማካይ ነጥባቸው ከ4.6 በታች የወረደባቸውን ሾፌሮች ከሥራ የሚያግድበት ጊዜ ነበር። ተሳፋሪው 4 ኮከብ ሲሰጥ «ጥሩ ሾፌር ነው» ብሎ አመስግኖ ወርዷል፤ ሚዛኑ ደግሞ ይህንኑ ምስጋና እንደ ክስ መዝግቦታል። በተሳፋሪውም በሾፌሩም ዘንድ ጥፋት የለም። ጥፋቱ የደረጃውን ትርጉም ለአንዱ ነግሮ ለሌላው ያልነገረው ሚዛን ነው።

ለኢትዮጵያ ቡና ላኪዎች ይህ ነገር ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይችልም። ቡና ሲመዘን ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ፍሬ መልክና ሁኔታ፣ 60ው ደግሞ በስኒ ለሚገኘው ጣዕም ተመድቦ በሠለጠኑ ቀማሾች ደረጃ ይሰጠዋል። በዓለም አቀፉ የስፔሻሊቲ ቡና ገበያም 80 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘው ቡና ተለይቶ ይታወቃል። አንድ ቀማሽ 80 ብሎ ሲጽፍ ባሕር ማዶ ያለው ሌላው ቀማሽ ምን ማለቱ እንደሆነ ያውቃል። ይህ ሊሆን የቻለው ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሥርዓት ተምረው፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አንዱን ስኒ ደጋግመው እየቀመሱ ምላሳቸውን ስላስተካከሉ ነው። የሶፍትዌር ተጠቃሚ ግን እንዲህ ያለ ትምህርት አያገኝም። ተጠቃሚውን ማሠልጠን የማይቻል ስለሆነ፣ የሥልጠናውን ሥራ በየደረጃው ላይ የሚጻፈው ቃል ሊተካው ይገባል። ለምሳሌ ያህል በአምስቱ ደረጃዎች ላይ «ከጠበቅሁት እጅግ ያነሰ»፣ «ያነሰ»፣ «እንደ ጠበቅሁት»፣ «የተሻለ»፣ «እጅግ የተሻለ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ጎንደር ያለው ገዢና ዋሽንግተን ያለው ገዢ የሰጡት 3 ቢያንስ ይቀራረባል።

ከቡናው ሳይወጡ ሌላም ትምህርት ይገኛል። የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር ከ2004 ጀምሮ ሲሠራበት የነበረው ቅጽ በስኒው ውስጥ ያለውን ነገር መግለጽንና መውደድን አደባልቆ በአንድ ነጥብ የሚያወጣ ነበር። ማኅበሩ በ2023 ባቀረበው አዲስ የምዘና ዘዴ ግን ሁለቱን ለያያቸው፤ ጣዕሙ ምን ይመስላል የሚለው ለብቻው፣ ቀማሹ ምን ያህል ወደደው የሚለው ደግሞ በሌላ ቅጽ በዘጠኝ ደረጃ እንዲጻፍ ሆነ። በኢንተርኔት ገበያም የሚታየው ስሕተት ይኸው መደባለቅ ነው። ገዢው አንድ ሻማ ለተሰበረበት ሳጥን፣ ለዘገየው ፖስተኛና ለሻጩ ትሕትና በአንድነት አንድ ኮከብ እንዲሰጥ ይጠየቃል። ጥሩውን በርበሬ የላከ ነጋዴ የመላኪያው ድርጅት በዘገየ ጊዜ 1 ኮከብ ይቀበላል፤ ቀጣዩ ገዢም በርበሬው መጥፎ ነው ብሎ ያልፈዋል። ኢቤይ የተባለው ታላቅ የኢንተርኔት ገበያ በ2007 የዕቃውን ከመግለጫው ጋር መስማማት፣ የሻጩን መልስ ሰጪነት፣ የመላኪያውን ጊዜና የመላኪያውን ዋጋ ለያይቶ መጠየቅ የጀመረው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው በበዛ ቁጥር መላሹ ያንሳልና፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ጥያቄ በላይ የሚጨምር ሠሪ ምክንያቱን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ደረጃዎቹ ስንት ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ብዙ ክርክር ያስነሣል። ዩቲዩብ በ2009 ባወጣው መግለጫ፣ ተመልካቾች የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ 5 ኮከብ፣ አልፎ አልፎም 1 ኮከብ እንደሆነና መካከለኞቹ ከነጭራሹ የተረሱ ያህል እንደሆኑ ገለጸ። በ2010ም ኮከቦቹን ትቶ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክት አውራ ጣት አደረገ። ኔትፍሊክስ የተባለው የፊልም ኩባንያም በ2017 እንዲሁ አደረገ። የዚህ ኩባንያ ምክንያት የሚያስገርም ነው፤ ሰዎች ለቁም ነገር ፊልም ብዙ ኮከብ ይሰጣሉ፣ ማታ ደክሟቸው ሲቀመጡ የሚያዩት ግን ሌላውን ነው። ኮከቡ ክብራቸውን እንጂ ፍላጎታቸውን አልነገረውም ማለት ነው። አውራ ጣት ከተተካ በኋላ ምልክት የሚሰጠው ሰው ብዛት እጅግ ጨመረ። ነገር ግን በሁለት ደረጃ ብቻ «ወደድሁት» እና «እጅግ ወደድሁት» አይለዩምና፣ በ2022 ይኸው ኩባንያ ሁለት አውራ ጣት የሚል ሦስተኛ ምልክት ለመጨመር ተገደደ።

ከዚህ የሚታየው የደረጃው ብዛት የሚወሰነው ቁጥሩ በሚሰጠው አገልግሎት መሆኑን ነው። «ይህን ዕቃ ደግሜ ላስመጣ ወይስ ልተው?» ለሚል ባለ ሱቅ አዎንና አይደለም ይበቃዋል። አምስት ዓይነት ጫማ አስመጥቶ ከአምስቱ የትኛው እንደሚበልጥ ለመለየት የሚፈልግ ግን አምስት ወይም ሰባት ደረጃ ያስፈልገዋል። መቶ ደረጃ የሚያቀርብ ሶፍትዌር፣ ተራው ገዢ 71ንና 74ን የሚለይበት መንገድ ስለሌለው፣ ጥራት ያለ የሚያስመስል እንጂ ጥራት የሚጨምር አይደለም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሚዛኑ ከዜሮ አይነሣም። ቡኪንግ ዶት ኮም የተባለው የሆቴል መያዣ ድርጅት እስከ 2019 ድረስ በሠራበት ዘዴ፣ እንግዳው ከአራት የፊት ሥዕሎች አንዱን ሲመርጥ እያንዳንዱ ሥዕል 2.5፣ 5፣ 7.5 እና 10 ሆኖ ይቈጠር ነበር። ስለዚህ እንግዳው በሁሉም ነገር እጅግ አዝኖ ቢወጣ እንኳ ሆቴሉ ከ2.5 በታች ሊያገኝ አይችልም ነበር። ከ10 ውስጥ 7 ያየ አንባቢ ከዜሮ ጀምሮ የተሰፈረ መስሎት ደኅና ሆቴል ነው ይላል፤ ሆቴሉ ግን ከ2.5 እስከ 10 ባለው ርቀት መካከሉን ጥቂት ያለፈ ነው። በኋላ ድርጅቱ መለኪያውን ከ1 እስከ 10 አድርጎ ለውጦታል። በሆቴል ሥራ ላይ ያሉ ነጋዴዎች የቀድሞውን ነጥባቸውን ካሁኑ ጋር ሲያስተያዩ ይህን መዘንጋት የለባቸውም።

መለኪያው ምንም ያህል ተስተካክሎ ቢሠራ፣ የሚመልሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በኢንተርኔት ገበያዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ ሳይጠየቁ አስተያየት የሚሰጡት እጅግ የተደሰቱትና እጅግ የተቈጡት ናቸው፤ መካከለኛው ገዢ ዕቃውን ይዞ ዝም ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ለገዛው ሰው ሁሉ በተራ መጠየቅ ይሻላል። ጊዜውም የራሱ ሥርዓት አለው። ሳጥኑ ሳይከፈት የሚጠየቅ ገዢ የሚመዝነው ተስፋውን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ ከብዙ ወራት በኋላ የሚጠየቀውም ረስቶታል። በየቀኑ መወትወትም ያስቈጣል። አፕል የተባለው ኩባንያ በ2017 አንድ መተግበሪያ በ365 ቀን ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ በይፋው ጥያቄ አስተያየት እንዳይለምን የወሰነው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን መልስ ሰጪው ሲፈራ ነው። በኢቤይ ገበያ ሻጭና ገዢ እርስ በርሳቸው ምልክት ይሰጣጡ ነበር። ገዢው የተታለለ እንደሆነና መጥፎ ምልክት የሰጠ እንደሆነ፣ ሻጩ በበኩሉ አጸፋውን ይመልስበት ነበር። ከዚህም የተነሣ የተበደለው ገዢ ዝም ማለትን መረጠ፤ የሻጮቹም ስም ከሚገባው በላይ ነጽቶ ታየ። በ2008 ኩባንያው ሻጮች ለገዢዎች መጥፎ ምልክት እንዳይሰጡ ከለከለ። የእንግዳ ማረፊያ የሚያከራየው ኤርቢኤንቢ ደግሞ በ2014 ሌላ መፍትሔ አገኘ፤ አከራዩም ተከራዩም የጻፉት አስተያየት ሁለቱም እስኪጽፉ ወይም 14 ቀን እስኪያልፍ ድረስ ለማንም አይገለጥም። አንዱ የሌላውን ሳያይ ስለሚጽፍ የሚበቀለው ነገር አያገኝም።

በኢትዮጵያ ከበቀል ፍርሃት ይልቅ የሚበረታው ይሉኝታ ነው። «ዕቃህ አይረባም» ብሎ ፊት ለፊት መናገርን እንደ ነውር ቈጥሮ ያደገ ገዢ፣ ባለ ሱቁ ስልኩን ዘርግቶ «እስቲ ጋሼ፣ አምስቷን ኮከብ ይጫኑልኝ» ቢለው ፈገግ ብሎ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ግን ወደዚያ ሱቅ አይመለስም፤ ለምን እንደቀረም ባለ ሱቁ አያውቅም። በዚህ ዓይነት የተሰበሰበ መቶ አምስት ኮከብ ባለ ሱቁን ከማሞኘት በቀር አንዳች አይጠቅመውም። የሚሻለው ጥያቄው ገዢው ቤቱ ከደረሰ በኋላ በራሱ ስልክ እንዲመጣለትና ስሙ ለሻጩ የማይገለጥ መሆኑ በግልጽ እንዲነገረው ማድረግ ነው። የተገኘው ውጤት ከፊት ለፊቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛው ግን እርሱ ነው።

ምልክቶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ የአደማመሩ ጉዳይ ይመጣል። ብዙ ሰው አማካዩን ማውጣት ይበቃል ብሎ ያስባል። እንበልና አንድ አዲስ ሱቅ ከባለቤቱ ዘመዶች ሁለት 5 ኮከብ አገኘ፤ አማካዩ 5.0 ነው። የጎረቤቱ ሱቅ ከ300 ገዢዎች በአማካይ 4.6 አለው። በተራ አማካይ ከተደረደሩ አዲሱ ሱቅ ከላይ ይቀመጣል። ይህን ለማረም አይ ኤም ዲ ቢ የተባለው የፊልም መዝገብ የሚታወቅበት ዘዴ አለ፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ዕቃ የገበያውን ጠቅላላ አማካይ እንደ መነሻ ማበደር ነው። የገበያው አማካይ 4.0 ቢሆንና ለሁሉም 20 የብድር ድምፅ ቢሰጥ፣ አዲሱ ሱቅ 4.09፣ የቆየው ሱቅ 4.56 ይሆናል። የአዲሱ ሱቅ እውነተኛ ደንበኞች በበዙ ቁጥር ብድሩ ራሱ እየሳሳ ይሄዳል።

በአውራ ጣት ለሚሠራ ገበያ የሚስማማው ሒሳብ ደግሞ ኤድዊን ዊልሰን የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በ1927 ያወጡት ነው። ከ10 ገዢዎች 9 የወደዱት ዕቃና ከ200 ገዢዎች 180 የወደዱት ዕቃ፣ ሁለቱም 90 በመቶ ናቸው። በዊልሰን ሒሳብ ግን ከመቶ 95 በሚደርስ እርግጠኝነት ስንመለከተው፣ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ወሰን 60 በመቶ ገደማ ሲሆን የሁለተኛው 85 በመቶ ነው። ዕቃዎች በዚህ ዝቅተኛ ወሰን ቢደረደሩ በጥቂት ድምፅ ወደ ላይ መዝለል ይቀራል።

አማካይ የሚሸሽገው ሌላ ነገርም አለ። መቶ ሰዎች ሁሉ 3 የሰጡት ጫማና ኀምሳ ሰዎች 5፣ ኀምሳ ሰዎች 1 የሰጡት ጫማ አማካያቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው መካከለኛ ጫማ ነው፤ ሁለተኛው ምናልባት ጥሩ ጫማ ሆኖ ቁጥሩ በስሕተት የታተመበት ሊሆን ይችላል። አስመጪው አማካዩን ብቻ ካየ ሁለቱንም ያቆማል፤ ስርጭቱን ካየ ግን ለፋብሪካው አንድ ደብዳቤ ጽፎ ሁለተኛውን ያድነዋል። እንደዚሁም ያረጀ ምልክት ካዲሱ እኩል መቈጠር የለበትም። ጉግል ፕሌይ በ2019 የመተግበሪያዎችን ነጥብ ሲያሰላ ለቅርብ ጊዜው አስተያየት አብልጦ መመዘን የጀመረው፣ ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈው ዛሬ ስላለው ዕቃ ስለማይናገር ነው።

ስለ ሐሰተኛ አስተያየት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሐሰተኛ አስተያየት መግዛትንና መሸጥን በደንብ ከልክሏል። ወደዚያ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች ይህን ማወቅ ይገባቸዋል። ለገዛ ዘመድ ኮከብ ማስጫን እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር ሆኖ አልቀረም።

ለሱቁ ወይም ለድርጅቱ የአስተያየት መጠየቂያ ለማሠራት ያሰበ ነጋዴ፣ ሠሪው ንድፉን ይዞለት ሲመጣ ስለ ቀለሙና ስለ ኮከቦቹ ውበት ከመነጋገሩ በፊት ቁጥሩን ለምን ጉዳይ እንደሚፈልገው ይንገረው። ከዚያም ንድፉን በወረቀት አትሞ ለሃያ ያህል ደንበኞች ያሳይ። ምልክታቸውን ካደረጉ በኋላ እያንዳንዳቸውን «ሦስተኛውን ቢመርጡ ኖሮ ምን ማለትዎ ነበር?» ብሎ ይጠይቃቸው። ሃያዎቹ የተለያየ መልስ ከሰጡ የሚጻፈው ቃል ገና አልተገኘምና፣ ንድፉ ወደ ሠሪው ተመልሶ ይታረም።